ሜሪላንድ ውስጥ ደጋግሞ ሌይኦፍ ለተደረገ (ከሥራ ለተቀነሰ) ሰው አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ድጎማ) ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጃንዋሪ 2025 ሌይኦፍ ተደርጎ የ10 ሳምንት ድጎማ ከወሰደ በኋላ ሥራ አገኘ። አሁን፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ድጋሚ ቀነሱት። አዲስ ማመልከቻ ያስገባ ወይስ አይፈቀድለትም?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ይፈቀድለታል፤ አዲስ ግን አይደለም። የጥቅሙ ዓመት ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ 52 ሳምንት ስለሆነ የድሮውን ክሌም (የድጎማ ማመልከቻ) ያስከፍት። ከ26ቱ ሳምንት ሙሉ ክፍያ የ10ሩን ከወሰደ የ16 ሳምንቱ ይቀረዋል። የሥራ ማቆሚያ ምክንያቱን «ሥራ ስለሌለ» ብሎ ይሙላ፤ «ለቀቅሁ» ካለ ክሌሙ ይታገዳል። ዛሬውኑ ያስገባ፣ ያለፈ ሳምንት በቀላሉ አይከፈልም።

መልስ 2፦ ችግሩ የሚመጣው ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ያኔ አዲስ ክሌም ያስፈልጋል፣ የሚታየውም ካለቁት አምስት ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ደመወዝ ነው። ፌብሩዋሪ 2026 ቢያመለክት ከኦክቶበር 2024 እስከ ሴፕቴምበር 2025 ያለው ይቆጠራል። የተቀበለው ድጎማ ደመወዝ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ክሌም ወዲህ ምንም ያልሠራ ሰው ሁለተኛ ዓመት አይከፈትለትም። ኡበር በ1099 (እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በግል) የተሠራበት ገቢም እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

መልስ 3፦ በየሳምንቱ ሰርቲፋይ ማድረግና (ለሳምንቱ ክፍያ ብቁ መሆኑን ማረጋገጥና) ሥራ ፍለጋውን መመዝገብ እንዳይረሳ። የትርፍ ሰዓት ሥራ ካለው ቼኩ ባይደርሰውም የሠራበትን ሳምንት ገቢ፣ ታክስ ሳይቀነስ፣ ያሳውቅ። ያለዚያ በኋላ ገንዘቡን መልስ ይሉታል። የሥራ ፈቃዱ ጊዜ ካለፈም ክፍያው ይቆምበታል፣ እድሳቱን አስቀድሞ ያስገባ። ውድቅ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ይግባኝ 15 ቀን ብቻ ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ ነው።