ተፈጥሯዊ ሞኖፖሊ ላይ ተቸክያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ስለ ተፈጥሯዊ ሞኖፖሊ (ቋሚ ወጪው ትልቅ ስለሆነ ከብዙ ድርጅቶች ይልቅ አንዱ ብቻውን ቢያቀርብ ወጪው የሚያንስበት ገበያ) አንድ ጥያቄ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ የውሃ ድርጅት አስቡ። የቧንቧው ቋሚ ወጪ 1,000 ብር ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ በርሜል ግን 2 ብር ብቻ ያስወጣዋል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «በ2 ብር ሽጥ» ካለው፣ ስንትም ቢሸጥ 1,000 ብር ይከስራል። በአማካይ ወጪው ይሽጥ ቢባልስ? 100 በርሜል ሲሸጥ ዋጋው 12 ብር (1,000 ÷ 100 + 2) ይሆናል። 5 ብር መክፈል የሚችለው ሰው ታዲያ ውሃ አጣ ማለት ነው! እኛ ሰፈር በጀሪካን እየገዙ የሚኖሩ ስላሉ ነገሩ ከልቤ ያሳስበኛል።

ድጎማ ይሻላል ወይስ ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ ጨምሮ በ2 ብር መሸጥ? ወርሃዊ ክፍያውስ ደሃውን ከአገልግሎቱ ውጭ አያደርገውም?

ደግሞ ቴሌኮም ተፈጥሯዊ ሞኖፖሊ ከሆነ፣ ሳፋሪኮም ገብቶ የራሱን ማማ መትከሉ ወጪ መደራረብ አይደለም? የገባችሁ እባካችሁ በቁጥር አስረዱኝ።