ሽጉጥ ላይ የእጅ ሴፍቲ የግድ ነው? የምታውቁ እርዱኝ (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬ አንድ የጥበቃ ድርጅት ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ገንዘብ አጅበው ለሚሄዱ ልጆቻችን ሽጉጥ ሊገባ ነው፣ ፈቃዱም በአዋጅ 1177/2012 መሠረት እየተሠራ ነው። የቀረበልን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ሶቪየቱ ማካሮቭ በአውራ ጣት የሚገፋ ሴፍቲ (በስህተት እንዳይተኩስ የሚቆልፍ) አለው። ሌላው እንደ ኦስትሪያው ግሎክ ነው፣ ከውጭ የሚገፋ ነገር የለውም፣ ቃታ ስቦ መተኮስ ብቻ። መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ሌባ ፊትህ ቆሞ ሴፍቲ ስትፈልግ አለቀልህ" ይላል። እኔ ወደ ሴፍቲው አደላለሁ። ልጆቹ ከሳቢያን መጋላ፣ ከመጋላ ለገሃር መኪና ሲወጡና ሲወርዱ ነው የሚውሉት፣ በዚህ ሙቀት ላብ በላብ ሆነው ቀበቶ ሲያላሉ ሲያጠብቁ እጅ ሳይታሰብ ቃታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ምን ትላላችሁ?

ሻምበል ከሐረር፦
ልጄ፣ ልክ ነህ፣ ሴፍቲ ያለውን ያዝ። ከማካሮቭ በፊት የሶቪየቶች ሽጉጥ ቶካሬቭ ነበር። እሱ የእጅ ሴፍቲ የለውም፤ ያለው ከኋላ ያለውን መምቻ ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው አቀባብሎ አይታጠቀውም። እ.ኤ.አ. በ1951 ማካሮቭ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ሴፍቲውን ወደ ላይ ስትገፋው መምቻው ጥይቱን ሳይነካ ራሱ ይወርዳል፣ ቃታውም አይሠራም። ወደ ታች ስታወርደው ደግሞ የመጀመሪያው ቃታ ረጅምና ከባድ ነው፣ በስህተት የሚሳብ አይደለም። ሴፍቲ ማውረድ ጊዜ ይፈጃል የሚሉህን አትስማ። ሽጉጡ ከወገብ ወጥቶ ፊት ለፊት እስኪደርስ አውራ ጣት ሥራውን ይጨርሳል፣ ልምምድ ካለ።

ጠጋኙ፦
ሻምበል፣ እርስዎ ያሉትን አከብራለሁ፣ ግን "ልምምድ ካለ" ያሉት ላይ ነው ነገሩ ያለው። ለአንድ ሳምንት ሠልጥኖ ከዚያ በኋላ ሽጉጥ ሳይተኩስ የሚከርም ጥበቃ በድንጋጤ ሰዓት ሴፍቲውን ይረሳዋል። የባሰው ደግሞ አወረድኩት ወይስ አላወረድኩትም የሚለውን አለማወቅ ነው።

ግሎክ ሴፍቲ የለውም የሚባለውም ትክክል አይደለም። ሦስት አለው፣ ሁሉም በቃታው የሚሠሩ ናቸው። አንዱ ቃታው መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ምላስ ነች፣ እሷ ካልተጫነች ቃታው አይሄድም። ሁለቱ ውስጥ ናቸው፣ ሲወድቅ እንዳይተኩስ የሚያደርጉት። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዞታል። ችግሩ ቃታው ውስጥ የገባው ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ ሽጉጡ አይለይም። 2.5 ኪሎ ገደማ ግፊት ካገኘ ይተኩሳል። ስለዚህ ግሎክ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር (ወገብ ላይ የሚታሰር የሽጉጥ ማስገቢያ) ይፈልጋል። ሱሪ ውስጥ ሻጥ ተደርጎ የሚኬድበት ከሆነ አይሆንም።

ሌላ ነገር ላንሳ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2017 ሲግ ሳወር ፒ320ን ሲመርጥ የእጅ ሴፍቲ ያለበትን ነው የወሰደው። በዚያው ዓመት ግን ለሲቪል የተሸጠው በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀና አምራቹ ቃታውን ጨምሮ የውስጥ ዕቃዎቹን በነፃ መቀየር ጀመረ። ስለዚህ የከዚራ ልጅ፣ ሻጩን ሴፍቲ አለው ወይ ብቻ ሳይሆን ሲወድቅስ ብለህም ጠይቅ።

እናት ነኝ፦
ኧረ አቦ፣ ሁላችሁም ስለ ሥራ ሰዓት ብቻ ነው የምታወሩት። ማታስ? ሽጉጡ ከልጁ ጋር ቤት ይገባል ወይስ መሥሪያ ቤት ያድራል? እኛ ሰፈር አንድ ታጣቂ የጥይት ካዝናውን አውጥቶ አልጋ ላይ ጣለና "ባዶ ነው" ብሎ የእህቱን ልጅ አስያዘው። አንዷ ጥይት በርሜል ውስጥ ቀርታ ነበር። ልጁ በሕይወት አለ፣ እጁ ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አይታጠፍም። ሴፍቲ ነበረው ሽጉጡ! ሕፃን ልጅ የሚነቃነቅ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን መነካካት ነው፣ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርገዋል። ስለዚህ ሴፍቲ አለው ብላችሁ ቤት አታስገቡት፣ እባካችሁ። ፈረቃ ሲያልቅ ተረክቦ የብረት ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ ሰው ይኑር።

ጠጋኙ፦
እህቴ፣ ያልሽው ዋናው ነገር ነው። ማካሮቭ ካዝናው ወጥቶም ይተኩሳል፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ሻምበልም ያላነሱትን ልጨምር። ማካሮቭ ሴፍቲው ላይ ከሆነ የላይኛው ክፍል አይሳብም። በርሜል ውስጥ ያለውን ጥይት ለማውጣት መጀመሪያ ሴፍቲውን ማውረድ ግድ ነው። ማለትም አደጋ በሚበዛበት ሰዓት፣ ልጆቹ ደክሟቸው ፈረቃ ሲያስረክቡ፣ ሽጉጡ ለመተኮስ ዝግጁ ሆኖ ነው ጥይቱን የሚያወጡት። ቤሬታ 92 ኤፍኤስና እሱን የመሰሉት ቱርክ ሠራሾች ላይ ግን ሴፍቲው እንዳለ መሳብ ይቻላል። ግን እነሱ ላይ ሴፍቲው ወደ ታች ሲሆን ነው የሚቆለፈው፣ ከማካሮቭ ተቃራኒ! ሁለቱን ዓይነት አንድ መጋዘን ውስጥ አታደባልቅ። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን የሚይዝ ልጅ ቆለፍኩ ብሎ ከፍቶት ይሄዳል።

ሻምበል ከሐረር፦
ይህ እውነት ነው። ለዚህ ነው በእኛ ጊዜ ማስረከቢያው ጋ አሸዋ የተሞላ ሳጥን የነበረው። አፈሙዙ ወደ አሸዋው፣ ጣት ከቃታ ውጭ። ካዝና መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ የላይኛው ክፍል ይሳባል። ቅደም ተከተሉን ካዛባኸው ስትስብ ከካዝናው ሌላ ጥይት ትገባለች። ከዚያ በዓይን ማየት፣ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣት መዳሰስ። አንዱ ጥይቱን ያወጣል፣ አንዱ ቆሞ ያያል።

የከዚራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሴፍቲ ያለው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ማታ ማስረከብ፣ አሸዋ ሳጥን። ይህን ይዤ ነገ ስብሰባ እገባለሁ። ጠጋኙ፣ አንድ ነገር፣ የሚሰጡን ማህደር ለስላሳ የጨርቅ ነው፣ ሴፍቲ ካለው ይሆናል?

ጠጋኙ፦
አይሆንም ወንድሜ። ወፍራም ቆዳ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ አሠራ። ባዶነቱን ሁለት ሰው ካየ በኋላ ሽጉጡን ማህደሩ ውስጥ ከተህ አፈሙዙን ወደ አሸዋው አድርግና ከውጭ በጣትህ ቃታው ያለበትን ቦታ ጫን። ቃታው ከተሰማህ ማህደሩን አትቀበል። ሴፍቲው ላይም የድሬ አቧራ ከላብ ጋር እየተጋገረ ያደነድነዋልና በየሳምንቱ ይጠረግ፣ ዘይት ግን ጠብታ ብቻ፣ ከበዛ አቧራውን ይሰበስባል።