5 ሁኔታ፣ 32 ጥምረት፦ ኢፍ በኢፍ ላይ ተደራረበብኝ

ከዚራ_ኮደር፦
ከድሬዳዋ ሐረር ለሚላክ ዕቃ ዋጋ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው፣ በጃቫስክሪፕት። ሁኔታዎቹ፦ ቋሚ ደንበኛ፣ ተሰባሪ ዕቃ፣ አስቸኳይ፣ ቅድሚያ የተከፈለ፣ ጀጎል ውስጥ የሚደርስ (በጠባቡ መንገድ መኪና ስለማይገባ የሸክም ይጨመራል)። 32ቱንም በኢፍ (ሁኔታ ሲሟላ ብቻ በሚሠራ ትእዛዝ) ልጻፍ እንዴ?

አሸዋ፦
ኧረ ተው! መጀመሪያ የትኞቹ እርስ በርስ እንደሚነካኩ ለይ። አስቸኳይ መሆኑ ሌላው ምንም ይሁን ምን ያው ጭማሪ ከሆነ ጥምረት አይደለም፤ አንድ ኢፍ፣ አንድ መደመር፣ አለቀ። ለሚነካኩት ብቻ ሠንጠረዥ ሥራ፤ 3 ከሆኑ 8 ረድፍ ነው። ውጤቱን የማይለውጠው ሁኔታ ላይ ሰረዝ አድርግና ረድፎቹን አዋህድ። ኮዱ ውስጥ እንደ አሬይ (ቅደም ተከተል ያለው ዝርዝር) ይቀመጡ፤ ከላይ ወደ ታች መጀመሪያ የገጠመው ይሠራል። ጠባቡ (ብዙ ሁኔታ የሚጠይቀው) ደንብ ከሰፊው በታች ከገባ መቼም አይደረስበትም። ምንም ካልገጠመ ኤረር ይጣል እንጂ ዜሮ ብር አይመለስ።

በር_05፦
ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ ቢት (0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ) ሰጥቶ በቁጥር መደመርም ይሆናል፦ ቋሚ 1፣ ተሰባሪ 2፣ አስቸኳይ 4፣ ቅድሚያ 8፣ ጀጎል 16። ተሰባሪና ጀጎል ሲደመሩ 18። ግን አስቸኳይ መሆኑን ለመፈተሽ «ድምር & 4 == 4» ብለህ እንዳትጽፍ (& የሁለቱን ቁጥሮች የጋራ ቢት ያወጣል)፤ ጃቫስክሪፕት == ን ያስቀድማል፣ «4 == 4» ደግሞ እውነት፣ ማለትም 1 ስለሆነ የሚፈተሸው አስቸኳይ ሳይሆን ቋሚ ይሆናል። «(ድምር & 4) !== 0» በል።

ከዚራ_ኮደር፦
የሚነካኩት ተሰባሪና ጀጎል ብቻ ናቸው ለካ። 4 ረድፍ!

አሸዋ፦
ቴስቱ (ኮዱን የሚፈትሸው ፕሮግራም) ግን ከ0 እስከ 31 ያሉትን ድምሮች ሁሉንም ይዙር፤ ኮምፒውተሩ አይደክመውም።