ክርክር፦ በሌላ ሰው እጅ ያልተደገመ ሙከራ ይለፍ ወይስ አይለፍ?

የማስተርስ ተማሪ (ደሴ)፦
ሰላም ለቤቱ። በእኛ ዲፓርትመንት አንድ ሐሳብ እየተወራ ነው። አዲስ ማቴሪያል ሠራሁ የሚል ተማሪ ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት መከላከል) ከመቅረቡ በፊት፣ ሌላ ሰው ጽሑፉን ብቻ አይቶ ሙከራውን ይድገመው፤ ካልወጣለት ተማሪው አይለፍ የሚል። እኔ እቃወማለሁ። የምሠራው ዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ የጨርቅ ማቅለሚያ ቀለምን ከውሃ ውስጥ እንዲያጠፋ። አንዲት ጠርሙስ ኬሚካል ለማግኘት አራት ወር ጠብቄያለሁ። ኤክስአርዲ (የዱቄቱን ውስጣዊ አደራደር በኤክስሬይ የሚያሳይ ምርመራ) ለማስነሳት ናሙናዬን ሌላ ከተማ ልኬ ተራ ይዣለሁ። ይህ ሁሉ ሁለቴ ይሁን ሲባል በማን ገንዘብ ነው?

መምህር (ደሴ)፦
ድካምህ ይገባኛል፣ ሐሳቡን ግን እደግፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር መጽሔት 1,576 ተመራማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሌላ ሰው ሙከራ ሞክረው አልወጣላቸውም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የገዛ ራሳቸውን መድገም አቅቷቸው ያውቃል። የገዛ ራሳቸውን! ኦርጋኒክ ሲንተሲስስ የሚባል መጽሔት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ አንድ የአሠራር ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የአርታኢ ቦርዱ አባል ላብ ውስጥ ይደገማል። ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተውበታል። ስለዚህ አይቻልም አንበል።

የማስተርስ ተማሪ፦
መምህር፣ እነሱ በዓመት የሚያወጡት ጥቂት ጽሑፍ ነው። ኬሚካል ሲያልቅባቸውም በሳምንት ይደርስላቸዋል። እርስዎ የእኛን መደርደሪያ ያውቁታል።

የማቅለሚያ ክፍል ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ከዚያ በኩል ልናገር። ላብ ላይ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ቀልመን ቀለሙ ሲያምር ላብ ዲፑ ጸደቀ እንላለን። ያው ፎርሙላ ትልቁ ማሽን ላይ ሲገባ ሌላ ቀለም ይወጣል። ጨው ከሌላ አቅራቢ መጥቶ ይሆናል። ውሃው ይሆናል። ሙቀቱ ቶሎ ወጥቶ ይሆናል። ደንበኛ «አንዴ ወጥቶልኝ ነበር» ብትለው አይሰማህም፣ ጨርቁን ይመልስልሃል። የምታጠፋው ቀለም የኛ ፋብሪካ ቀለም ከሆነ ወንድሜ፣ ነገ ዱቄትህን ፍሳሽ ላይ የምሞክረው እኔ ነኝ። እኔ ጋ ካልሠራ ምን ያደርግልኛል?

የፒኤችዲ ተማሪ (የደሴ ልጅ፣ አሁን ውጭ)፦
ከሁለታችሁም ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። የወርቅ ናኖ ዘንግ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ደቃቅ የወርቅ ዘንግ፣ የሚሠሩ ሰዎች ሲታብ የሚባል ኬሚካል ይጠቀማሉ። ከአንዱ አቅራቢ የተገዛው ዘንግ ያወጣል። ከሌላው የተገዛው ክብ ቅንጣት ብቻ። ስሙ ያው፣ አሠራሩ ያው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 አሜሪካ ኦስቲን ያሉ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ተከታተሉት። ጠንቁ ሲታቡ ውስጥ የነበረ እጅግ ጥቂት አዮዳይድ (የአዮዲን ቅሪት) ሆኖ ተገኘ። እስቲ አስቡት፤ ዘንጉ የወጣለት ሰው ተማሪ ቢሆንና የሌላ አቅራቢ ሲታብ በያዘ ሁለተኛ ሰው ቢፈተን ኖሮ ይወድቅ ነበር። የዋሸው ነገር ግን የለም። ደንቡ «ካልወጣለት አይለፍ» የሚል ከሆነ እኔም እቃወማለሁ። «ካልወጣለት ምክንያቱ ይፈለግ» ከሆነ ግን ልክ ነው።

አንድ አባል (ኮምቦልቻ)፦
የሚዋሽም አለኮ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቤል ላብስ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውጤት ፈጥሯል ብሎ ያባረረው ሾን የሚባለው የፊዚክስ ተመራማሪ ትዝ አይላችሁም? ስንት ላብ ውጤቱን ለመድገም ሲለፋ ኖረ። ሲመረመር በአግባቡ የያዘው የላብ ደብተር የለም።

የላብ ቴክኒሻን (ደሴ)፦
እኔ ብዙ ተማሪ አይቻለሁ። የዋሸ አልገጠመኝም። ያልጻፈ ግን በየዓመቱ ነው።

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁ ላይ «ውሃው እስኪፈላ አሞቅነው» ትላላችሁ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 94 አካባቢ ይሆናል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንብቦ 100 ላይ ያሞቃል። «ፀሐይ ላይ ለሁለት ሰዓት አቆየነው» ትላላችሁ። በጥር ፀሐይ ነው ወይስ በነሐሴ የደሴ ጉም?

አንዱን ልንገራችሁ፣ ስም አልጠራም። እንደ ጠያቂው ዚንክ ኦክሳይድ የሚሠራ ልጅ ነበር። ፈርነሱን (የላቡን የማቃጠያ ምድጃ) 500 ዲግሪ ላይ አድርጎ ለሦስት ሰዓት አስገባው። አንድ ሰዓት እንደሞላ መብራት ሄደ። ልጁም ዱቄቱን እዚያው ትቶት ሄደ። በማግስቱ አውጥቶ ሲሞክረው ቀለሙን ጥርግ አድርጎ አጠፋው። ጽሑፉ ላይ «ሦስት ሰዓት» ብሎ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት የመጣችው ልጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብታቃጥለው ያ ኃይል የለም። አራት ጊዜ ደገመች፣ አለቀሰች። መብራቱ ትዝ ያለኝ እኔ ነኝ። በአንድ ሰዓት ሠርታ ስታየው መጣላት። ብዙ በቆየ ቁጥር ቅንጣቱ እየተለቀ፣ ቀለሙን የሚያጠፋው የዱቄቱ ጠቅላላ ገጽ እያነሰ ይሄዳል። የዚያች ልጅ አንድ ሴሚስተር የሄደው ባልተጻፈ አንድ መስመር ነው። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መምህር (ደሴ)፦
ጋሼ፣ ይህን ሲናገሩ ገና ዛሬ ሰማሁ። እንግዲህ ሐሳቤን ላስተካክል። ሰው በድጋሚው አይውደቅ። ድጋሚው ግን ይኑር፤ ኤክስአርዲውን ትተን ዋናውን ውጤት ብቻ፣ ቀለሙ ጠፋ ወይስ አልጠፋም የሚለውን። ለዚያ የሚበቃ ኬሚካል ዲፓርትመንቱ ከመጀመሪያው ይያዝ። የደጋሚው ስምም ቴሲሱ ላይ ይግባ፤ በነፃ የሚለፋ ሰው አይኖርም።

የማስተርስ ተማሪ፦
በዚህ መልኩ ከሆነ አልቃወምም። ግን ገንዘቡ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ መጨረሻው ተማሪው ኪስ ነው። እዚህ ላይ ንቅንቅ አልልም። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ የእኔ ጽሑፍም «እስኪፈላ» ይላል። የፈርነሱን መዝገብም ገና አሁን ከፍቼ አየሁት፤ ሁለት ቀን መብራት ተቆራርጧል።

የላብ ቴክኒሻን፦
አብሽር ልጄ፣ ገና አልረፈደም። ሰዓቱን ጻፈው።

የማቅለሚያ ክፍል ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
እኔ እደግምልሃለሁ። ለዱቄቱ መነሻ የሚሆን ትንሽ ዚንክ አሲቴት አለኝ፣ ፈርነስም የሚያውሰኝ ሰው አላጣም። ዱቄቱን እንዳትልክልኝ። መጥተህም እንዳታሳየኝ። ወረቀቱን ብቻ ላክ፣ የገባኝን ያህል እሠራለሁ። ያልገባኝ ቦታ ላይ በቀይ አሰምርበታለሁ።

የማስተርስ ተማሪ፦
እሺ። ዛሬ ማታ አስተካክዬ እልካለሁ። በቀይ ስታሰምሪ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ሁሉም ይየው።