ጥቆማ፦ ደረጃው እስኪሞላ በምን እንውጣ?

ሰሞኑን ቤት እያሠሩ ያሉ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሶሌታው (የፎቁ ወለል አርማታ) ተሞልቷል፣ ደረጃው ገና ነው። ብሎኬቱም ሲሚንቶውም ሰውም ፎቁ ላይ መድረስ አለበት። በምን ይውጣ? እኔ ጂ ፕላስ 1 ቤቴን ሳሠራ ነገሩን አበላሽቼ ስለተማርኩት፣ የሞከርኩትንና ጎረቤት ያየሁትን አንድ ላይ ልጻፈው።

መጀመሪያ የኔን ጥፋት። ፎርማኑ "ጊዜያዊ ደረጃውን የት እናድርገው?" ሲለኝ "ዋናው ደረጃ የሚመጣበት ክፍት ቦታ ላይ ነዋ" አልኩት። ሌላ የት ይደረጋል? ሁለት ወር ተመላለስንበት። ከዚያ አናጺው የዋናውን ደረጃ ካሳፎርማ (አርማታው የሚሞላበትን የጣውላ ቅርጽ) ሊመታ መጣ። ቀና ብሎ አየና "ልጄ፣ ይሄ እዚህ ካለ እኔ የት ልቁም?" አለኝ። አፈረስነው። ካሳፎርማው፣ ፌሮው፣ ሙሌቱ፣ ውሃ ማጠጣቱ፣ ድጋፉ እስኪነሳ መጠበቁ... ከሦስት ሳምንት በላይ በአንዲት የአጣና መሰላል ስንንጠለጠል ከረምን። ላይ ያለው ግንባታ ቆመ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ከምን ይሠራ ከማለታችሁ በፊት የት ይሠራ በሉ። ከውጭ በኩል፣ በረንዳ ባለበት ጎን አድርጉት። ዋናው ደረጃ ሲሞላም መንገድ አይዘጋባችሁም።

አሁን ወደ አማራጮቹ።

የአጣና መሰላል ርካሽ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ አጣናዎችና ትንሽ ፍልጥ ካገኘ አናጺው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እጁ ባዶ ለሆነ ሰው ይሆናል። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ተሸክሞ በሱ መውጣት ግን ቁማር ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። የዛሬ ሳምንት ጥብቅ ያለው ሚስማር ዛሬ ይላላል። የኛ መሰላል ላይ ከታች አራተኛዋ መርገጫ ስትረገጥ "ጢቅ" ትል ነበር። ሁላችንም እናውቃታለን፤ እየዘለልናት እንወጣለን። አንድ ጠዋት አዲስ የመጣ የቀን ሠራተኛ ሳያውቅ ረገጣት። ከነባልዲው ወረደ። ደግነቱ ያረፈው አሸዋ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ነው እያንዳንዱን መርገጫ በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ደርበን ማሰር የጀመርነው።

መሰላል ከተጠቀማችሁ እግሩ ከግድግዳው የሚርቀው የከፍታውን ሩብ ያህል ይሁን። 3 ሜትር ለምትወጡበት 75 ሳንቲ ማለት ነው። ጫፉ ደግሞ ከሶሌታው በላይ 1 ሜትር ይውጣ፤ ስትወርዱ የምትይዙት እሱን ነው። በድምሩ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመት ያስፈልጋል። ላዩን እሰሩት።

ሁለተኛው በየግንባታው የምታዩት ተዳፋት መወጣጫ ነው። ቋሚ አጣና ይተከላል፣ ጣውላ ይነጠፍበታል፣ እግር እንዳያንሸራትት በየ30 እስከ 40 ሳንቲው አግድም ፍልጥ ይመታበታል። በባሬላ (ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ በሚይዘው መሸከሚያ) አርማታ የሚወጣ ከሆነ ከሱ የሚሻል የለም፤ ባሬላ በደረጃ ሲወጣ ያዘነብላል፣ የኋለኛው ሰው ላይም ይደፋል። ችግሩ ቦታ ይበላል። በምቾት ለመውጣት ለአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር ያህል አግድም ይፈልጋል። ለ3 ሜትር 9 ሜትር መሆኑ ነው። 150 ካሬ ላይ 9 ሜትር ቀጥ ያለ ከየት ይመጣል? ግማሽ ላይ ማረፊያ ሠርታችሁ እጠፉት። ማረፊያው ባሬላ የያዙ ሁለት ሰዎች የሚዞሩበት ስፋት ይኑረው። የኛ ጠባብ ስለነበር ሰዎቹ ባሬላውን ከጭንቅላታቸው በላይ አንስተው ነበር የሚዞሩት፤ ሳየው ሆዴ ይንቦጫቦጭ ነበር።

የአጣናውን ልጥ አስልጡ። ክረምት ላይ እርጥብ ልጥ እንደ ሳሙና ነው። በሁለቱም ጎን 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መደገፊያ አስመቱ። አናጺዎች "ለሥራ ያስቸግራል" ይሏችኋል። አትስሟቸው።

ሦስተኛውና እኔ ዛሬ ባሠራ የምመርጠው የጣውላና የሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት) ደረጃ ነው። እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ግቢያችሁ ውስጥ አለ፤ ከሶሌታው የተነቀለው የካሳፎርማ ጣውላ ነው። ጊዜያዊ ስለሆነ ከዋናው ትንሽ ቀጥ ቢል ግድ የለም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 3 ሜትሩን ለ20 ሳንቲ ስታካፍሉ 15 ከፍታ ይመጣል። የመጨረሻው ከፍታ የሚያደርሰው ሶሌታው ላይ ስለሆነ መርገጫው 14 ይሆናል። እያንዳንዱ 25 ሳንቲ ስፋት ካለው መሬት ላይ 3 ሜትር ከ50 ብቻ ይይዛል። ዋናው ነገር ሁሉም ከፍታ እኩል ይሁን። አንዷ ደረጃ በ3 ሳንቲ ከበለጠች ሰው ሁሉ እሷ ላይ ይደናቀፋል። መርገጫውን በሚስማር ብቻ አታንጠልጥሉት፤ ከሥሩ ቁራጭ ሞራሌ ይደገፍ። ለባሬላ አይመችም። ብሎኬት በትከሻ ለሚያወጣ፣ ለመሐንዲሱ፣ "ቤታችሁን ልየው" ብለው ለሚመጡ እናታችሁ ግን ይመቻል። እናቴ መሰላሉን አይታ ከታች ሆና መርቃን ሄደች። ደረጃው ሲሠራ ነው ላዩን ያየችው።

የእስካፎልዲንግ ኪራይ ፈጣን ነው፣ ብረቱም አይጠማዘዝም። ግን ሒሳቡ በቀን ነው። ዝናብ ጥሎ ሥራ ቢቆምም ይቆጥራል፤ ሲሚንቶ ጠፍቶ ብትቀመጡም ይቆጥራል። ለሁለት ሳምንት ሥራ ጥሩ ነው፤ ለሦስት ወር ግን ሳታስቡት እንጨቱን ደጋግማችሁ በገዛችሁበት ነበር። ስትረከቡ ፍሬሙን፣ ማያያዣውን፣ መርገጫ ላሜራውን፣ ፒኑን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እኛ የተከራየነው ገሚሱ ፒን አልነበረውም። በሚስማር እያጠፍን ተጠቀምን። ስንመልስ ሰውዬው የጎደለውን ፒን ከማስያዣችን ላይ ቆረጠ። ተከራከርን፣ ፎቶ ስለሌለን ተሸነፍን።

የአሉሚኒየም ተጣጣፊ መሰላል ለኤሌክትሪሺያንና ለቀለም ቀቢ ነው። ለግንባታ መወጣጫ አትግዙት። በዚያ ላይ ማታ ይጠፋል።

የብረት ደረጃ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት) እና በላሜራ የሚበየድ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ይከብዳል። ግንባታው ሲያልቅ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሰገነት መውጫ የምታደርጉት ከሆነ ብቻ ያዋጣል። ጎረቤቴ እንደዚያ አድርጎ ተጠቅሞበታል። ያገለገለ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ከፍታችሁን ለክታችሁ ሂዱ።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፦ ዋናውን ደረጃ ከሶሌታው ጋር አብሮ መሙላት። መሐንዲሳችሁ ከተስማማ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፣ ድጋፉም መሐንዲሱ ሳይል አይነሳ። አርማታ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው፤ በሳምንቱ ብሎኬት አትከምሩበት። አብሮ የማይሞላ ከሆነ ደግሞ ሶሌታው ሲሞላ የደረጃው ፌሮ ጫፍ ተርፎ መውጣቱን ቆማችሁ እዩ። ከተረሳ በኋላ አርማታ መብሳት ሊመጣ ነው። ተርፎ የወጣውን ጫፍ እጠፉት ወይም ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ድፉበት፤ ዓይን ያወጣል።

ስለ ውሉም ልበል። ሥራውን በእጅ ዋጋ (ዕቃው ከናንተ፣ ጉልበቱ ከነሱ) ከሰጣችሁ መወጣጫውን ማን እንደሚሠራ፣ እንጨትና ሚስማሩን ማን እንደሚችል ወረቀቱ ላይ ይግባ። እኛ አልጻፍንም ነበር። ፎርማኑ "ይሄ ተጨማሪ ሥራ ነው" አለ፣ ከፈልኩ። ሲፈርስ "እንጨቱ የኔ ነው" አለ። እዚያ ላይ ግን አልተስማማሁም።

ማታ ማታ የታችኛውን መውጫ በአጣና ዝጉት። የሰፈር ልጆች ሶሌታ ላይ ኳስ መጫወት ይወዳሉ። ላይ ያለውን የደረጃውን ክፍት ቦታም ዙሪያውን አሳጥሩት። ዘበኛችን ይህን ከማንም በፊት ገብቶት ነበር፤ መሰላሉን በየማታው ጎትቶ አልጋው ሥር ያስገባው ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግንበኞቹ እሱን ቀስቅሰው ነው ሥራ የሚጀምሩት።