የአደን ሳፋሪ ለምትይዙ፦ ከቀን ሒሳቡ በፊት የመኪናውን ኪሎ ሜትር ጠይቁ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «አደን ልንሄድ አስበናል፤ የትኛውን ድርጅት ትመክረናለህ?» እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስም መጥራት ትቻለሁ። አንዱ አመስግኖት ከተመለሰ ካምፕ ሌላው ተማርሮ ይወጣል። ጥቆማዬ ስለ አያያዙ ነው። የትኛው ዓይነት ውል ለየትኛው ሰው እንደሚያዋጣ፣ ደግሞ ሒሳቡ ሲመጣ ዓይናችሁ እንዳይፈጥ ምን አስቀድማችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ከአጎቴ ልጅ ጋር ወደ ናሚቢያ ነበር። የያዝነው አውሬ የሚታደንበት የግል እርሻ ላይ ነው። ፕሮፎርማው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ የቆይታ ቀን የሚከፈል የቀን ሒሳብ አለ፤ ለገደላችሁት ለእያንዳንዱ አውሬ የሚከፈል የትሮፊ ክፍያ አለ፤ ከታች በደቃቅ ፊደል «ትራንስፖርት በኪሎ ሜትር ይታሰባል» ይላል። የእኛ ዓይን ግን የአጋዘኑና የሳላው ዋጋ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ማን ከታች ያነባል?

በመጨረሻው ማታ ባለቤትየዋ ሒሳቡን በወረቀት ጽፋ አመጣች። ትራንስፖርት፣ 1,140 ኪሎ ሜትር። የአጎቴ ልጅ «አገር አቋርጠን ነበር እንዴ?» አለ። እርሻው ከአውሮፕላን ማረፊያው 285 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ 570 መሆን አለበት ብለን ነበር። ለካ መኪናው እኛን ሊቀበል ሲመጣ ባዶውን ነው የመጣው። ሸኝቶን ሲመለስም ባዶውን ነው የሚመለሰው። 285 በአራት ሲባዛ ያው 1,140። ስሌቱ ስህተት የለበትም።

ያናደደን ሌላ ነው። በዚያው መኪና አብረውን የመጡ፣ በዚያው መኪና አብረውን የሚመለሱ ባልና ሚስት ነበሩ። የእነሱም ወረቀት ላይ 1,140 ተጽፏል። አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ ሁለት ክፍያ። ተከራከርን። ትንሽ ከተነታረክን በኋላ ግማሹን ቀነሱልን። ግን ጠመንጃችሁ በእነሱ ካዝና፣ ቀንዱ በእነሱ መጋዘን ተቀምጦ መከራከር ደስ አይልም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፕሮፎርማ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ የሚነቃነቀውን ከማይነቃነቀው እለያለሁ። መንግሥት የወሰነው የፈቃድና የትሮፊ ክፍያ አይነቃነቅም፤ አስጎብኚውን ብትለምኑት ትርፉ ድካም ነው። የቀን ሒሳቡ ትንሽ ይነቃነቃል፤ እኔ ግን ብዙ አልነካውም። እንግዳውን የሚመራው ባለሙያ አዳኝ፣ የዱካ ፈላጊው፣ የወጥ ቤቱ ደመወዝ የሚወጣው ከእሱ ነው። እሱን አስቀንሳችሁ ከገባችሁ ከአንድ ቦታ ይጎድልባችኋል፤ ወይ መኪናው አሮጌ ይሆናል፣ ወይ አንድ ባለሙያ አዳኝ ለሁለት እንግዳ ይሰጣችኋል። ትራንስፖርቱ ግን በደንብ ይነቃነቃል። ምክንያቱም መኪናውም አውሮፕላኑም ብዙ ጊዜ እናንተ ባትኖሩም ይሄዳል።

ወደ ማወዳደሩ ልግባ።

በኪሎ ሜትር የሚያስከፍሉት በናሚቢያ እርሻዎች የተለመዱ ናቸው። ለእኔ ይኼ አያያዝ ከሁሉ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩን ከጠየቃችሁ ይነግሯችኋል። ችግሩ ሰው አለመጠየቁ ነው። ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ባዶ ጉዞው ይገባል? ሌላ እንግዳ ካለ ይካፈላል? ከእርሻው ውስጥ ለአደን የምንዞርበትስ? (ይኼ በቀን ሒሳቡ ውስጥ መሆን አለበት፤ ለብቻ ካስከፈሉ ሌላ ቦታ ፈልጉ።) ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ «እዚህ የለም፣ ጎረቤት እርሻ አለ» የሚለው ነው። የፈለጋችሁት አውሬ የእነሱ መሬት ላይ ከሌለ መቶ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል። ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሒሳቡ ማታ ይመጣል። እኔ አሁን ዝርዝሩን ሰጥቼ «ከእነዚህ ውስጥ የእናንተ መሬት ላይ የሌለው የትኛው ነው?» ብዬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ነገር ያሳያል።

ለአራት ሰው ቡድን በኪሎ ሜትር መክፈል ያዋጣል። ለብቻው ለሚሄድ ሰው ግን ጣሪያ ይቀመጥለት፦ «ትራንስፖርት ከዚህ አይበልጥም» የሚል አንድ መስመር።

ጥቅል ዋጋ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ገበያ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ያህል አውሬ፣ ማመላለሻ ጨምሮ አንድ ዋጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይኼን ነው፤ ቢያንስ አንድ ቁጥር ታውቃላችሁ። ግን «ማመላለሻ ጨምሮ» የሚለውን አትመኑ፤ ከየት ነው? ከጆሃንስበርግ ነው ወይስ ከካምፑ አጠገብ ካለው ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ? ሁለተኛው ከሆነ የአገር ውስጥ በረራው የእናንተ ነው፤ ጠመንጃ ይዞ አገር ውስጥ መብረርም ሌላ ክፍያና ሌላ ጣጣ አለው። ሦስት ሰዓት መንገድ በመኪና ከሆነ እኔ መኪናውን እመርጣለሁ። ሌላው 15 በመቶ ቫቱ ነው። አንዳንዱ ጨምሮ ይጽፋል፤ አንዳንዱ «ቫት አይጨምርም» ብሎ ግርጌ ላይ ይሸጉጠዋል። ሁለት ፕሮፎርማ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ይኼን አስተካክሉ፤ ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ።

በጥቅሉ ውስጥ ያለ አውሬ ሳታገኙት ብትቀሩ ገንዘቡ አይመለስ ይሆናል። የምትደራደሩት እዚህ ላይ ነው፦ «ከርከሮው ካልተገኘ በእሱ ዋጋ ሌላ እናድናለን» ይባል። ብዙዎች እሺ ይላሉ፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያነሳላችሁም።

ቻርተር፣ ማለትም ሙሉውን የሚከራይ ትንሽ አውሮፕላን የሚያስፈልግበት አደን የሌላ ሰው ጨዋታ ነው። ታንዛኒያ ሩቅ ያሉት የአደን ቀጣናዎች፣ የዛምቢያው ሉዋንግዋ ሸለቆ፣ ሞዛምቢክ። ጎሽ ወይም ነብር የፈለገ ሰው እዚያ ይሄዳል። አውሮፕላኑ የሚከፈለው በሰው አይደለም፤ በአውሮፕላን ነው። አንድ ሆናችሁም አራት ሆናችሁም ያው ነው። ባዶውን የሚመለስበትም ሒሳቡ ውስጥ አለ። ሴስና 206 ከአብራሪው ጋር ስድስት መቀመጫ አለው፤ ጠመንጃና ሻንጣ ሲገባ ግን ስድስት ሰው አትሉም። ሻንጣችሁም እንደ ጆንያ የሚታጠፍ ለስላሳ ይሁን። ጠጣር ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ዕቃውን ማኮብኮቢያው ዳር ሲገለብጥ አይቼ ለእሱ አፍሬለታለሁ።

እዚህ ላይ ትልቁን ቅናሽ ያገኘሁት ገንዘብ አስቀንሱልኝ ብዬ አይደለም። «ከእኔ በፊት ያሉት እንግዶች መቼ ነው የሚወጡት?» ብዬ ጠይቄ ነው። እነሱን ሊያወጣ የሚመጣው አውሮፕላን እኔን ይዞኝ ይገባል። ሁለት ቀን ቀኔን አዛወርኩ፤ የመግቢያው በረራ ለሁለት ተካፈለ። ቀናችሁ የሚለጠጥ ከሆነ ከምንም ክርክር ይሻላል። ካምፑም ደስ ይለዋል፤ አንድ በረራ ቀረለት።

ስለ አገራችን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ከውጭ እንግዳ ሊመጣላችሁ ከሆነ የባሌው ደጋ አጋዘን አደን ከላይ ካልኩት ሁሉ ይለያል። የትሮፊ ክፍያው በመንግሥት የሚወሰን ነው፤ ፈቃዱም የሚሰጠው በሕጉ መሠረት ስለሆነ እዚያ ላይ ድርድር የለም። አስጎብኚውን የምትጠይቁት ከአዲስ አበባ ያለው ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ስንት ቀን ተብሎ እንደሚታሰብ፣ የፈረስና የጭነት ከብት ኪራዩ፣ የስካውቱ (የዱር እንስሳት ጠባቂው) አበልና የካምፕ መትከያው በቀን ሒሳቡ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ነው። የመንገድ ቀን እንደ አደን ቀን ከተቆጠረ ሁለት ሙሉ ቀን ከእንግዳችሁ ኪስ ሄደ ማለት ነው። ይኼ በየትኛውም አገር የሚጠየቅ ነው፦ የመድረሻና የመመለሻ ቀን በሙሉ ዋጋ ነው ወይስ በግማሽ?

በነገራችን ላይ ኬንያ ውስጥ «የዝሆንና የጎሽ አደን እናዘጋጃለን» የሚል ካገኛችሁ አትጻፉለት። እዚያ የትልልቅ አውሬ አደን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ክልክል ነው። ቦትስዋና በ2014 ከልክላ በ2019 መልሳ ፈቅዳለች።

ጠመንጃ ይወሰድ ወይስ ይከራይ? እኔ ተከራዩ ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ሜዳ ላይ የሚውሉ አውሬዎችን ብቻ ለምታድኑ። ደቡብ አፍሪካ ስትገቡ ኤስ.ኤ.ፒ.ኤስ 520 የሚባል የፖሊስ ፎርም አለ። እሱን ቀድሞ የሚያስጨርስና አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላችሁ ሰው ይከፈለዋል። አየር መንገዱም የጠመንጃ ክፍያ ይኖረዋል፤ ጥይት ደግሞ ለአንድ ሰው ከ5 ኪሎ አይበልጥም። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ከካምፑ ኪራይ ጋር አስተያዩት። ኪራይ ስትጠይቁ ጥይቱ ለብቻ መታሰቡን አትርሱ። የራሴ ጠመንጃ ካልሆነ አልመታም የሚል ሰው ግን ይውሰድ፤ አቁስሎ ከመክፈል ይሻለዋል። ደም ከታየ አውሬው ባይገኝም ሙሉ ክፍያ ነው፤ ይኼ በአብዛኛው ቦታ ያለ ደንብ ነው፤ አይከራከሩበትም።

አደኑ አልቆ ቤት ከገባችሁ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ቀንዱና ቆዳው ታጥቦ፣ በመድኃኒት ተነክሮ፣ በሳጥን ታሽጎ ነው የሚላከው። አንዳንድ ካምፕ «እስከ ጨው ድረስ የእኛ ነው» ይላል፣ ቆዳው ጨው ተነስንሶበት እስኪደርቅ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ድርጅት ደረሰኝ ነው። የአውሮፕላን ጭነት ደግሞ በክብደት ብቻ አይታሰብም። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 100፣ ከፍታው 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ውሰዱ። አባዙት፣ ለ6,000 አካፍሉት፤ 160 ይመጣል። ሚዛን ላይ 45 ኪሎ ቢሆን እንኳ የምትከፍሉት የ160 ኪሎ ነው። ስለዚህ የአጋዘን ጭንቅላት ሙሉውን እዚያው ተሞልቶ ከሚላክ፣ ቀንዱና ቆዳው ብቻ መጥቶ እናንተ ያላችሁበት ቢሠራ ሳጥኑ በጣም ያንሳል። የጓደኛ ትሮፊ በአንድ ሳጥን መጫንም ያግዛል፤ ወረቀቱ የየራሳችሁ ሆኖ። ነብር ከሆነ የሳይተስ (የብርቅ አውሬዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ስለሚፈልግ ለብቻው ተዉት፤ የእሱ ወረቀት ሲዘገይ የሁላችሁም ሳጥን አብሮ ይቆማል።

የማያድን ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ (ባለቤታችሁን፣ ወንድማችሁን) ለእሱም የቀን ሒሳብ አለ፤ ዝቅ ያለ ነው። እዚህ ላይ በደንብ መጠየቅ ይቻላል። ክፍሉን ከእናንተ ጋር ከተጋራ፣ መኪናውም ላይ ከእናንተ ጋር ከተቀመጠ «ሁለት ቀን ይቅርለት» ማለት ነውር የለውም።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ «ስንት ትቀንሳላችሁ?» አትበሉ። ሰው በሩን ይዘጋባችኋል። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ዋጋችሁን ተቀብያለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ካምፕ ደርሶ መልስ በዚሁ ውስጥ ይካተት፤ ቀብዱን በዚህ ሳምንት እልካለሁ።» ዋጋቸውን ያልነካ፣ ገንዘቡን ቶሎ የሚልክ ሰው ደስ ይላቸዋል። ሁለት ሦስት ኢሜይል ተለዋውጠን አንድ ቦታ ላይ እንገናኛለን። በስልክ የተባለውንም በዚያው ቀን ጽፌ «እንዲህ ተነጋግረናል፣ ልክ ነው?» ብዬ እልካለሁ። «አዎ» የምትለው አንድ ቃል በኋላ ብዙ ትሠራለች።

ቲፑን ረስቼው ነበር። እሱ ሒሳቡ ውስጥ የለም፤ ግን ወጪ ነው። ለባለሙያ አዳኙና ለሠራተኛው ምን ያህል እንደተለመደ ካምፑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጥሬ ገንዘቡን ዘርዝራችሁ ያዙ። ለዱካ ፈላጊው በእጁ ስጡት።

ሁለተኛ ጊዜ ናሚቢያ ስንሄድ፣ ሌላ እርሻ ነው፣ የአጎቴ ልጅ ላንድ ክሩዘሩ ውስጥ ገና እንደገባ ስልኩን አውጥቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አነሳ። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየውና ሳቀ። «ባለፈው ማን ጋ ነበራችሁ?» አለ።