«ደስታ» በዛብኝ፤ በምን ልተካው?

ታላቅ እህት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ እሁድ ትዳራለች። ለሰርጓ የምለውን ጻፍኩና ሳነበው «ደስታ» ዘጠኝ ጊዜ ገብቷል። ሐሴት፣ ፍስሐ፣ ተድላ፣ ሲሳይ፣ ገድ... ሁሉም አንድ ናቸው? መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ትዳራችሁ የፈንጠዝያ፣ ዕድላችሁም የደስታ ይሁን።» እባካችሁ አርሙኝ።

የቄስ ልጅ፦ እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ! በመጀመሪያ ፈንጠዝያን አውጪው። ፈንጠዝያ የአንድ ሌሊት ጭፈራና መጠጥ ነው፤ ለትዳር አይመኙትም። ሐሴትና ፍስሐ የግዕዝ ቃላት ናቸው። ገብርኤል ማርያምን «ተፈሥሒ» ሲላት «ደስ ይበልሽ» ማለቱ ነው፤ ፍስሐም ከዚያው ግስ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዕጣን ዕጣን ይሸታሉ። ሐሴት የነፍስ ነው። ጥሩ ቡና ጠጥተሽ «ደስ አለኝ» ትያለሽ፤ «ሐሴት አደረግሁ» ካልሽ ግን ሰው ዞር ብሎ ያይሻል። ተድላ ደግሞ ቤት ሞልቶ፣ ጎን አርፎ መኖር ነው። ለሙሽሮች እሱን እመርጣለሁ።

የመርካቶዋ፦ እኔ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ጠዋት የመጀመሪያዋ ገዢ ሳትከራከር ከፍላ ሄዳ፣ ቀኑን ሙሉ ገበያው ከደራልኝ «ገደኛ ናት» እላለሁ። ገድ በሰው እግር ይገባል። ዕድል ግን የራስ ነው፤ መጥፎም ይሆናል። «ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው» የሚል ሰው ሲስቅ አይቼ አላውቅም። እኔ ብሆን «ይቅናችሁ» እላለሁ። ግን ስትጽፊ ተጠንቀቂ፦ «ቀናኝ» ተሳካልኝ ነው፣ «ቀናሁ» ግን ቅናት ነው።

አስተማሪ፦ ስለ ሲሳይ ልጨምር። ሲሳይ ከላይ የሚሰጥ የዕለት እንጀራ ነው። «ሲሳይ አይጉደልባችሁ» ግሩም ምርቃት ነው። «ሲሳይ ሁኑ» ግን እንዳትዪ! «የጅብ ሲሳይ ሆነ»፣ «የእሳት ሲሳይ ሆነ» የሚባለው ለተበላና ለጠፋ ነገር ነው።

ታላቅ እህት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዲህ አስተካከልኩት፦ «እህቴ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ቤታችሁን ተድላ ይሙላው። ሲሳይ አይጉደልባችሁ። የጀመራችሁት ሁሉ ይቅናችሁ።» ጮክ ብዬ ሳነበው እናቴ ከማድ ቤት ሆና በየመስመሩ «አሜን» አለች።